ግራ ጉንጭ

ፊት የነበረኝ ፊት እንዲህ አልነበረም።
ያምር ነበር አልል፤ ብቻ ፊቴ ነበር፤
ጠዋት ታጥቤው ወጥቼ ማታ የምረሳው።
መስታወት የማየው ለኋላ መኪና፣
ራሴን ልቃኝ ብዬ አልነበረምና።

ልጅ ስወልድ ነው የመጣው። ግንባሬ ላይ ጥቂት፣
ከከንፈሬ በላይ እንደ ሻይ እድፍ፣
ከዚያ ጉንጬን ያዘ።
«ማድያት ነው» አሉኝ፤ «ጡት ስታስጥዪ ይሄዳል።»
ልጁ ጡቱን ጣለ፤ የወተት ጥርሱን ጣለ፤
የኔው ግን ጉንጬ ላይ ቤት ሠርቶ ተንጣለለ።

ከፒያሳ ምድር ቤት፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ፣
ትርንጎ አመጣችልኝ፣ ክዳኑ ሮዝ ቅባት።
በሳምንቱ ፊቴ ቦግ አለ።
ተሳፋሪው ሁሉ «ምን ተገኘ?» አለኝ።
በወሩ ቀላ። በሦስተኛው ወር
የተላጠ ቲማቲም ሆንኩ፤
ፀሐይ ስትነካው የሚቆጣ፣ የወጥ እንፋሎት የማይችል፣
ደም ስሩ እንደ ቀይ ክር አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር።
ብተወው ያቃጥለኛል፤ ብቀባው ይብሰኛል።
አሁን ያ ሱቅ ፈርሷል፤ መንገድ ሆኗል ቦታው፤
ሻጩም የለም፤ ሰፈሩም የለም፤
ቅባቱ ብቻ ነው ፊቴ ላይ የቀረው።

አንዱ «ምች ነው» ይላል፤ አንዷ «የሰው ዓይን»።
አንድ ሰውዬ ከመስቀል አደባባይ እስከ ለገሐር፣
ሳልጠይቀው፣ እንቁላል በማር አዘዘልኝ፤
ሲወርድ አሥር ብር ጎድሎበት
«ከምክሩ ላይ ያዢው» አለኝ።
እኔም ማስኬን አጠለቅሁ።
ኮሮና ሄዶ፣ ሰው ሁሉ አፉን ገልጦ ሲስቅ፣
እኔ ዓመት ከመንፈቅ ከጨርቅ በስተጀርባ።

ሰንጋ ተራ ነው ክሊኒኩ፣ የባንኮቹ ጥላ የሚያርፍበት፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የሚያኮርፍበት።
ለካርድ የሚከፈለው የአንድ ቀን ነዳጅ ነው።
መኪናው ውስጥ ሆኜ ሳመነታ
የፓርኪንጉ ልጅ ሁለቴ ቆረጠብኝ።

«የተቀባሽውን ሁሉ ይዘሽ ነይ» ተብዬ
ፌስታሌን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፤ አሥራ አንድ ቱቦ።
ዶክተር ምንታምር መነጽሯን አድርጋ
አንድ በአንድ አነበበች። አልሳቀችም።
«ይሄ ስቴሮይድ ነው። ይሄም። ይሄኛውን እንጃ፣
ፊደሉን እንኳ አላውቀውም።»
መብራት አጠፋች። ሰማያዊ ብርሃን
ግንባሬ ላይ፣ አፍንጫዬ ላይ፣ ጉንጮቼ ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤
ትንፋሿ ይሰማኛል።
ከዚያ፦ «ሹፌር ነሽ?»

ማን ነገራት?
«ግራሽ ከቀኝሽ ጠቁሯል። መስኮቱ ነው።
ስንት ዓመት ነዳሽ?»
«ዘጠኝ» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።
ፊት የነሳኝ ብዙ ነው፤ ፊት ያዞረም ሞልቷል፤
«ምን ሠርታ ነው?» ያለ፣ «ምን በልታ ነው?» ያለ፤
ምን ሠርቼ እንደማድር ከፊቴ ያነበበ ግን
እስከዚያች ቀን የለም።

«ቅባቱን በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ቀስ እያልን እናስጥለዋለን፤
እንደ ጡት» አለች። «ያለቅሳል። ይቀላል። መጀመሪያ ይብሳል።
የፀሐይ መከላከያ በየሦስት ሰዓቱ፣
ሐምሌም ቢሆን፣ ደመናም ቢሆን።»
«እንደ ድሮው ይሆናል?»
«እንደ ድሮው አልልሽም» አለች፤ «ይረጋጋል።»

አለቀሰ። ቀላ። ባሰ። ሁለት ሳምንት አልነዳሁም።
ልጄ «ኖራ ተቀባሽ» ብሎ ሳቀብኝ።
በስድስተኛው ወር ማስኩን የመኪናው ኪስ ውስጥ ጣልኩት፤
ማድያቱ አለ፣ ግን ዝም ብሏል፤
ከመስኮቴ ጫፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ተሰቅሏል።

ትናንት ከአምባሳደር አንዲት ልጅ ጫንኩ፤
ማስክ አድርጋለች። ከጫፉ በላይ
ያ የማውቀው ቅላት።
መስታወቱን አየሁ፤ ለኋላ መኪና አልነበረም።
ምክር አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት፤
ያ የእንቁላሉ ሰውዬ ትዝ ብሎኝ።
ቸርችል ጎዳና፣ ዳገቱ ላይ ቆመን፣ ቀዩ መብራት ሲረዝምብን፣
«ወደ ቀኝ ጠጋ በይ» አልኳት፤
«ፀሐይዋ በዚህ በኩል ናት።»